አምፕሊፋየር ከአምፕሊፋየር በድምፅ ይለያል ወይስ አይለይም?

ጎንደር ውስጥ የሰርግ ወራት ሲቃረብ ሳውንድ ሲስተም የሚያከራዩ ልጆች፣ ዲጄዎችና የካፌ ባለቤቶች አንድ ክርክር ያነሳሉ። አንዱ «ከአውሮፓ የመጣው ያገለገለ አምፕሊፋየር ድምፁ ሞቅ ያለ ነው፤ የቻይናው ደረቅ ነው» ይላል። ሌላው «ዋቱ እኩል ከሆነ ሁሉም አንድ ነው፤ የምትከፍለው ለስሙ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም በጆሯቸው ይምላሉ።

ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም። የብር ምንዛሬ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው የት እንደደረሰ ሁሉም ያውቃል። የእቁብ ብሩን ይዞ ሱቅ የሚገባ ወጣት የተሳሳተ ዕቃ ቢገዛ ለመመለስ ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ ጥያቄውን ረጋ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አምፕሊፋየሮች በእርግጥ በድምፅ ይለያያሉ? ከተለያዩስ በምን?

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ በደንብ የተሠሩ አምፕሊፋየሮች ከአቅማቸው በታች እስከሠሩ ድረስ ጆሮ አይለያቸውም። ረጅሙ መልስ «ከአቅማቸው በታች» የምትለዋ ነገር ውስጥ ነው ያለው። እኛ አገር ብዙ አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ነው የሚሠራው።

የአምፕሊፋየር ሥራ

አምፕሊፋየር ከስልክ፣ ከላፕቶፕ ወይም ከሚክሰር የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ተቀብሎ ስፒከር ማንቀሳቀስ እስኪችል ድረስ ያሳድጋል። የሚጠበቅበት ይኸው ነው። አሳድገው፣ ቅርፁን ግን አትቀይረው። 1 ቮልት ገብቶ 20 ቮልት ሆኖ ቢወጣና ቅርፁ ያው ከሆነ ሥራውን በሚገባ ሠርቷል።

ይህን ለመመዘን ሦስት ነገር ይለካል። አንዱ ፍሪኩዌንሲ ሪስፖንስ ነው፤ ከወፍራሙ ቤዝ እስከ ቀጭኑ ድምፅ ሁሉንም እኩል ማሳደጉ። ሁለተኛው ዲስቶርሽን ነው፤ በመጀመሪያው ድምፅ ውስጥ ያልነበረ ነገር መጨመሩ። ሦስተኛው ኖይዝ ነው፤ ዘፈን ሳይኖር የሚሰማው ሽሽታ ወይም እምምታ።

የድምፅ ልዩነት የሚለካው በዲሲቤል ነው። አንድ ዲሲቤል ሰው ጆሮውን ቀስሮ በጭንቅ የሚለየው ልዩነት ነው። አስር ዲሲቤል ሲጨመር ድምፁ እጥፍ የሆነ ይመስለናል። ጆሯችን ቢበዛ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል፤ ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ የላይኛው ጫፍ እየቀነሰ ይሄዳል።

ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ የሚሸጥ፣ በደንብ የተሠራ የትራንዚስተር አምፕሊፋየር በዚህ ክልል ውስጥ የሚያዛንፈው ከግማሽ ዲሲቤል በታች ነው። ዲስቶርሽኑም ከ0.1 በመቶ ያንሳል። ከስፒከር ጋር እናወዳድረው። ጥሩ የሚባል ስፒከር 3 ዲሲቤል ወደ ላይ፣ 3 ዲሲቤል ወደ ታች ቢያዛንፍ ማንም አይገረምም። ቤዙ ሲጮህ የስፒከሩ ዲስቶርሽን ብዙ በመቶ ይደርሳል። ክፍሉ ሲጨመር ደግሞ ይብሳል። ባዶ ግድግዳና ሴራሚክ ወለል ያለው ካፌ ውስጥ ቤዙ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ሲያንቀጠቅጥ፣ ሁለት ሜትር ራቅ ብሎ ያለው ጠረጴዛ ላይ ከ10 ዲሲቤል በላይ ሊያንስ ይችላል። አምፕሊፋየሩ የሚጨምረው ስህተት ከነዚህ ፊት ኢምንት ነው።

ስሙ ተደብቆ ሲደመጥ

ክርክሩ ውጭ አገርም ለአስርት ዓመታት ቆይቷል። እዚያ ግን ብዙ ጊዜ በሙከራ ተፈትሿል። የሙከራው ስም ብላይንድ ቴስት ነው። አድማጩ የትኛው ዕቃ እየሠራ እንደሆነ አያውቅም። ሁለቱ የድምፅ መጠናቸው በመሣሪያ ተለክቶ እኩል ይደረጋል። ከዚያ «ይህ የትኛው ነው?» ተብሎ ደጋግሞ ይጠየቃል።

እ.ኤ.አ. በ1978 የእንግሊዙ ኳድ ኩባንያ መሥራች ፒተር ዎከር ሦስት የራሱን አምፕሊፋየሮች ለእንዲህ ያለ ፈተና አቀረበ። አንዱ የድሮ የቫልቭ ነበር፤ ሁለቱ የትራንዚስተር። ቫልቭ ማለት ከትራንዚስተር በፊት የነበረው፣ አምፖል የሚመስለው የመስታወት ቱቦ ነው። አድማጮቹ ድምፅ መስማት ሥራቸው የሆነ ሰዎች ነበሩ። ውጤቱ በግምት ከሚገኘው አልዘለለም።

በ1987 ደግሞ ስቴሪዮ ሪቪው የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ከ220 ዶላር ሪሲቨር (ሬዲዮና አምፕሊፋየር አንድ ላይ የያዘ ዕቃ) እስከ 12,000 ዶላር የቫልቭ አምፕሊፋየር ድረስ አሰልፎ 25 ሰዎችን አስደመጠ። «ልዩነት አለ» ብለው የሚያምኑትም የማያምኑትም ነበሩበት። መልሳቸው ሳንቲም ቢወረውሩ ከሚያገኙት አልተሻለም። ሪቻርድ ክላርክ የተባለ የመኪና ኦዲዮ ባለሙያም ለሚለይ ሰው 10,000 ዶላር አስይዞ ለዓመታት ጋብዟል። ደንቡ ሁለቱ አምፕሊፋየሮች የድምፅ መጠናቸው እኩል እንዲሆንና ከአቅማቸው በላይ እንዳይነዱ ነበር። ብሩን የወሰደ ሰው የለም።

ከሁሉም ግን በጣም የሚያስተምረው የቦብ ካርቨር ሥራ ነው። አሜሪካዊው ዲዛይነር በ1985 ስቴሪዮፋይል ለተባለው መጽሔት አዘጋጆች «የምትወዱትን ውድ አምፕሊፋየር ስጡኝ፤ የእኔን ርካሽ እንደሱ አስመስለዋለሁ» አላቸው። አዘጋጆቹ አምፕሊፋየሮች ይለያያሉ ብለው የሚያምኑ ሰዎች ናቸው። እሱም ሁለቱን ዕቃዎች አንድ ላይ አገናኝቶ፣ የአንዱን ውጤት ከሌላው እየቀነሰ፣ የሚተርፈው ነገር እስኪጠፋ ድረስ የራሱን አስተካከለ። አዘጋጆቹ በመጨረሻ መለየት እንዳልቻሉ ጻፉ። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ ላይ ይለያዩ ነበር። ልዩነቱ እውነት ነበር። ግን ሊለካና ሊስተካከል የሚችል ልዩነት ነበር እንጂ በዋጋው ውስጥ የተደበቀ ምስጢር አልነበረም።

ሱቅ ላይ ሲሞከር ጆሮ የሚሳሳተው

ታዲያ ሱቅ ውስጥ ሲነፃፀር ሰዉ ሁሉ ልዩነት የሚሰማው ለምንድን ነው? ዋናው ምክንያት የድምፅ መጠን ነው። ሁለት አምፕሊፋየሮች በተራ ሲሞከሩ የቮልዩም ቁልፉ ሁለቱም ላይ መሀል ላይ ይደረጋል፤ መሀል ማለት ግን ከዕቃ ዕቃ አንድ አይደለም። አንዱ 1 ወይም 2 ዲሲቤል ይበልጣል። ያን ያህል ትንሽ ልዩነት «ጮኸ» ተብሎ አይሰማም። «ጠራ»፣ «ሞላ»፣ «ቤዙ ወፈረ» ተብሎ ነው የሚሰማው።

ይህ የጆሮ ጠባይ ነው። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ የቤል ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት ጆሯችን በዝቅተኛ ድምፅ ላይ ቤዝን አሳንሶ ይሰማል። ቮልዩሙ ትንሽ ከፍ ሲል ከሁሉም በላይ የሚያድገው ቤዙ ነው። ሻጩ ሊያጭበረብር ባያስብ እንኳ ትንሽ የሚጮኸው ዕቃ ያሸንፋል።

ሌላው ዓይን ነው። ክብደቱ፣ አልሙኒየሙ፣ የዋጋው ወረቀት፣ የጓደኛ ምክር፣ ሁሉም ከጆሮ ጋር አብሮ ይሰማል። ይህ ሞኝነት አይደለም፤ የሰው አእምሮ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሥራቸው ድምፅ የሆኑ ሰዎችም አያመልጡትም።

ልዩነቱ እውነት የሚሆንበት

«ሁሉም አንድ ነው» የሚለው ወገን እዚህ ጋ ቆም ማለት አለበት። በግልጽ የሚሰማ ልዩነት የሚፈጥሩ ነገሮች አሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ክሊፒንግ ነው።

ክሊፒንግ አምፕሊፋየሩ መስጠት ከሚችለው ቮልቴጅ በላይ ሲጠየቅ የሚሆነው ነው። የድምፁ ሞገድ ጫፍ እንደተቆረጠ ሆኖ ጠፍጥፎ ይወጣል። ሰርግ ቤት የታየውን እናስብ። ዳሱ ሞልቷል፣ እስክስታው ደርቷል፣ ዲጄው ቤዙን በኢኮላይዘር 6 ዲሲቤል ከፍ ያደርጋል። 6 ዲሲቤል ማለት በዚያ የቤዝ ክልል አራት እጥፍ ዋት ማለት ነው። አምፕሊፋየሩ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ከምቱ ጋር እኩል ብልጭ ማለት ትጀምራለች፤ ከዚያ ሳትጠፋ ትቀራለች። የዘፋኙ ድምፅ ይሻክራል፣ «ስ» እና «ሽ» ጆሮ ይወጋሉ፣ ከበሮው ግን ጥፍጥፍ ብሎ ጉልበቱን ያጣል። ሰዉ «የቻይና አምፕሊፋየር ድምፁ ሻካራ ነው» የሚለው ብዙውን ጊዜ ይህን ነው። በዚያች ሰዓት የአውሮፓውም ተመሳሳይ ዋት ቢኖረው ከዚህ አይድንም። ትዊተሮች፣ ማለትም ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጡት ትንንሽ ስፒከሮች፣ የሚቃጠሉትም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ሰዓት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ክሊፒንጉ ሁልጊዜ አምፕሊፋየሩ ላይ አይደለም። አዝማሪ ቤት ማይኩ ማሲንቆው አጠገብ ተጠግቶ የሚክሰሩ ጌይን፣ ማለትም የሚገባውን ድምፅ የሚያጎላው ቁልፍ፣ እስከ ጫፍ ከተከፈተ ድምፁ የሚቆረጠው እዚያው ሚክሰሩ ላይ ነው። ማሲንቆ በራሱ ሻከር ያለ፣ ቀጫጭን ድምፆች የበዙበት መሣሪያ ነውና ጉዳቱ ቶሎ አይታወቅም፤ «ስፒከሩ ያፏጫል» ተብሎ ይታለፋል። ከዚያ አምፕሊፋየሩ ቢቀየር፣ ሦስት እጥፍ ዋጋ ያለውም ቢገዛ፣ የተቆረጠው ድምፅ እንደተቆረጠ ይጎላል።

ሁለተኛው የውጤት ኢምፒዳንስ የሚባለው ነው። ኢምፒዳንስ በኦም የሚለካ፣ ለሚፈስ ምልክት የሚገጥም ተቃውሞ ነው። ስፒከር «8 ኦም» ተብሎ ቢጻፍበትም ከድምፅ ድምፅ ይለዋወጣል፤ አንዱ ጋ 4 ሊሆን ይችላል፣ ሌላው ጋ 20። አምፕሊፋየሩ የራሱ ተቃውሞ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ለምሳሌ 0.1 ኦም፣ በነዚህ ሁለት ቦታዎች መካከል የሚፈጠረው መዛነፍ ከ0.2 ዲሲቤል በታች ነው። አይሰማም። የቫልቭ አምፕሊፋየር ግን 2 ኦም ቢኖረው መዛነፉ ወደ 3 ዲሲቤል ይጠጋል። ይህ በግልጽ ይሰማል፤ «የቫልቭ ሙቀት» የሚባለው ነገር ትልቁ ክፍል ይህ ነው። ከሌላ ስፒከር ጋር ሲገናኝ ደግሞ ጠባዩ ይቀየራል።

አሁን ገበያውን የሞሉት ክላስ ዲ የሚባሉት ትንንሽ አምፕሊፋየሮችም የራሳቸው ነገር አላቸው። ክላስ ዲ ድምፁን በጣም ፈጣን በሆነ ማብራትና ማጥፋት የሚያሳድግ አሠራር ነው። ከሚወስደው ኃይል 90 በመቶ ገደማውን ወደ ስፒከር ስለሚያስተላልፍ አይግልም፣ አይከብድም። በደንብ የተሠራው እንከን የለውም። ርካሾቹ ቦርዶች ላይ ግን መውጫው ላይ ያለው ማጣሪያ የሚፈጥረው ስህተት ሳይታረም ይቀራል፤ በዚህ ምክንያት ቀጭኑ ድምፅ እንደ ስፒከሩ ኢምፒዳንስ 1 ወይም 2 ዲሲቤል ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። «ትሬብሉ ይወጋል» ወይም «ታፍኗል» የሚሉ ሰዎች አንዳንዴ በትክክል ሰምተዋል።

ኖይዝ ቀላሉ ነው። «እምም» የሚለው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ከመብራቱ 50 ኸርዝ ይመጣል፤ ላፕቶፑ ከቻርጀሩ ሲነቀል ከጠፋ ጥፋቱ የአምፕሊፋየሩ ሳይሆን የግራውንዱ፣ ማለትም ዕቃውን ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ነው። ይህን ለማስወገድ ብሎ የሶኬቱን ግራውንድ መቁረጥ ግን ሰው ይገድላል።

መብራቱ የሚያመጣው

የውጭ አገር ሙከራዎች አንድ ነገር እንደ ቀላል ይወስዳሉ፤ ሶኬቱ ላይ ያለው ቮልቴጅ አይወርድም። እኛ ጋ ምሽት ላይ ሰፈሩ ሁሉ ምጣድና ምድጃ ሲለኩስ 220 መሆን የነበረበት ወደ 170 ቢወርድ ማንም አይደነቅም።

ባለ ትልቅ ትራንስፎርመር የድሮ አምፕሊፋየሮች አብዛኞቹ ውስጣዊ ቮልቴጃቸው ከሶኬቱ ጋር እኩል ይወርዳል። ዋት ደግሞ ከቮልቴጅ ካሬ ጋር ይሄዳል። ከ220 ወደ 170 ሲወርድ 100 ዋት የነበረው 60 ይሆናል። በጆሮ ሲታይ ይህ ከ2 ዲሲቤል ትንሽ የበለጠ ነው፤ በራሱ ትልቅ ነገር አልነበረም። ችግሩ ዲጄው ጉልበት እንዳጣ ሲሰማው ቁልፉን መጨመሩ ነው። ያኔ ክሊፒንጉ ቀድሞ ይመጣል።

ስዊቺንግ ፓወር ሰፕላይ የሚባል፣ እንደ ላፕቶፕ ቻርጀር ያለ ቀላል የኃይል ማቅረቢያ ያላቸው፣ ጀርባቸው ላይ «100–240 ቮልት» የሚል የተጻፈባቸው ዕቃዎች ግን በሰፊ ክልል ውስጥ እንዲሠሩ የተሰናዱ ናቸው፤ ብዙዎቹ ውስጣዊ ቮልቴጃቸውን አጽንተው ይይዛሉ። እንግዲህ አንድ ሰው ያገለገለውን የአውሮፓ ከባድ አምፕሊፋየርና አዲሱን ቀላል ዕቃ ቀን ላይ አነፃፅሮ «አንድ ናቸው» ቢል፣ ሌላው ማታ ሞክሮ «ይለያያሉ» ቢል ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ። ግማሹ ክርክር የሚመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

ሌላም አለ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ሙቀት በደንብ አይወስድም። ባሕር ወለል ላይ ታስቦ የተሠራ፣ ያለ ፋን የሚቀዘቅዝ ዕቃ እዚህ ትንሽ ቀድሞ ይግላል። በላዩ ላይ ሚክሰሩና ላፕቶፑ ሲደረደሩበት ደግሞ ከመጋል የሚጠብቀው የውስጥ መከላከያ ቀድሞ ያጠፋዋል።

የተጻፈው ዋትና እውነተኛው ዋት

«ዋቱ እኩል ከሆነ» የሚለው ክርክር የሚፈርሰው የተጻፈው ዋት ብዙ ጊዜ እውነት ስላልሆነ ነው። ካርቶኑ ላይ «5000 ዋት ፒኤምፒኦ» ይላል። ፒኤምፒኦ ለቅጽበት የሚገኝ ነው የሚባል፣ ስምምነት የተደረሰበት የአለካክ ደንብ የሌለው ቁጥር ነው። ማየት የሚገባው አርኤምኤስ ተብሎ የሚጻፈውን፣ ማለትም ሳያቋርጥ የሚሰጠውን አቅም ነው። እሱም ቢሆን በስንት ኦም እንደተለካ ካልተጻፈ ትርጉም የለውም።

ቁጥሩን ለመፈተን ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ዕቃውን ገልብጦ ፊውዙን ማየት በቂ ነው። 5 አምፔር የሚል ከሆነ፣ 5 በ220 ሲባዛ 1,100 ዋት ነው። ሳያቋርጥ ከሶኬቱ የሚወስደው ከዚህ እጅግ አይበልጥም። ከዚያ ላይ በተለመደው ክላስ ኤቢ በሚባለው አሠራር ወደ 40 በመቶው በሙቀት ይጠፋል፤ 660 ገደማ ይቀራል። ሙዚቃ ሁልጊዜ ጣሪያ ላይ ስለማይሆን፣ ፊውዝም ለቅጽበት ከቁጥሩ በላይ ስለሚያሳልፍ እጥፍ ልዩነት ቢኖር ይታለፋል። ሰባት እጥፍ ግን ውሸት ነው።

በ12 ቮልት አዳፕተር የሚሠሩት ትንንሾቹም እንዲሁ ናቸው። «50 ዋት በ50 ዋት» ተብሎ ይሸጣል። ከ12 ቮልት በ8 ኦም ስፒከር ላይ ከአንድ ቻናል (ከአንዱ የስፒከር መውጫ) ሊወጣ የሚችለው ግን 9 ዋት ገደማ ነው፤ በ4 ኦም 18። ይህ የፊዚክስ ሕግ ነው፤ የትኛውም ፋብሪካ አይሽረውም። ያው ቦርድ በ24 ቮልት አዳፕተር እንዲሠራ የተፈቀደ ከሆነ አዳፕተሩን ብቻ መቀየር ድምፁን በግልጽ ይለውጠዋል፤ አቅሙ ወደ አራት እጥፍ ስለሚጠጋ ክሊፒንጉ ይርቃል።

«በሙከራ የማይያዝ ነገር አለ» የሚሉትስ?

ልዩነት አለ የሚለው ወገን ሁለት ጠንከር ያሉ መከራከሪያዎች አሉት። አንደኛው ብላይንድ ቴስት ሰውን ያስጨንቃል፣ አጭር ነው፣ የዕቃ ጠባይ ደግሞ የሚታወቀው ለሳምንታት ሲደመጥ ነው የሚል ነው። ይህ መልስ አለው። ጆሮ ጥቃቅን ልዩነት የሚይዘው ሁለቱ ወዲያው ወዲያው ሲቀያየሩ ነው፤ የድምፅ ትዝታ ቶሎ ይደበዝዛል። የፈለገ ሰው ደግሞ ስሙ የተሸፈነ ዕቃ ለወር ቤቱ አስቀምጦ መፈተን ይችላል፤ ብላይንድ መሆን ማለት አጭር መሆን ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ይከብዳል። «መለየት አልቻሉም» ማለት «ልዩነት የለም» ማለት አይደለም ይላሉ፤ ልክ ናቸው። ጥቂት ሰው ለጥቂት ጊዜ ቢፈተን ትንሽ ልዩነት ሊያመልጥ ይችላል። ለዚህ ነው ብዙ ጊዜ መደጋገም የሚያስፈልገው። አንድ ሰው 16 ጊዜ ተጠይቆ 12ቱን ቢያውቅ፣ ያ በግምት ብቻ የመሆን ዕድሉ 100 ውስጥ 4 ያህል ነው፤ ያኔ ጆሮውን ማመን እንጀምራለን። ለማንኛውም፣ ከስምና ከዋጋ ተለይቶ በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ካልተፈለገ የማይገኝ ልዩነት ካለ፣ አሥር ሺህ ብሮች ሊወጡበት ይገባል ብዬ አላምንም።

ብሩ ቢሄድበት የሚሻለው

የአምፕሊፋየር ዋት ከ100 ወደ 200 ቢያድግ የሚጨምረው 3 ዲሲቤል ነው። በጆሮ እጥፍ እንዲመስል አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ስፒከር ላይ ግን ሴንሲቲቪቲ የሚባል ቁጥር አለ፤ በ1 ዋት፣ በ1 ሜትር ርቀት ስንት ዲሲቤል እንደሚሰጥ የሚናገር። 90 የሚለውን ትቶ 97 የሚለውን የመረጠ ሰው በ100 ዋት ሌላው በ500 ዋት የሚያገኘውን ድምፅ ያገኛል። ይህ ለሰርግና ለአደባባይ ሥራ ትልቁ ቁጥር ነው፤ ሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን 6 ዲሲቤል ይጠፋልና። ካርቶን ላይ ከዋቱ በታች በትንሹ ይጻፋል፣ ሻጩም ብዙ ጊዜ አያነሳውም።

ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ምሰሶ ላይ ለሚሰቀሉት ቀንድ መሰል ስፒከሮች ደግሞ ውድ አምፕሊፋየር መግዛት ምንም አይጨምርም። ስፒከሩ ራሱ ቤዝ አያወጣም፤ የተሠራው የሰው ንግግር ሩቅ እንዲደርስ ነው። እዚያ ሞንታርቦዎቹ ወዴት እንደዞሩ ማስተካከል ከማንኛውም አምፕሊፋየር ይበልጣል።

ሱቅ ላይ ለማነፃፀር የፈለገ ሰው መልቲሜትር ይያዝ። ስልክ ላይ የ400 ኸርዝ ቋሚ ድምፅ ከፍቶ፣ ስፒከሩ መግቢያ ላይ የሚነበበውን ኤሲ ቮልቴጅ ሁለቱም አምፕሊፋየሮች ላይ እኩል እስኪሆን ቮልዩሙን ያስተካክል፤ አንዱ 2.00 ከሆነ ሌላውም 2.00። ከዚያ ፊቱን አዙሮ ሌላ ሰው ይቀያይርለት። ልዩነቱ አሁንም ከተሰማው ኢኮላይዘሩ፣ «ሱፐር ቤዝ» እና «ላውድነስ» የሚሉት ቁልፎች መጥፋታቸውን ይይ። በመጨረሻ ስልኩ ላይ ዘፈን ከፍቶ ሰርግ ላይ የሚፈልገውን ያህል ያስጩኸው፤ ቀይዋ መብራት መቼ እንደምትበራ፣ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ዕቃው ምን ያህል እንደጋለ ይመልከት። ይህን ሙከራ የማይፈቅድ ሱቅ ካለ ሌላ ሱቅ መሄድ ይሻላል።